ጠዋት እምቢ፣ ከሰዓት እሺ የሚለው የሚስማር ሽጉጥ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የሶፋና የቁምሳጥን መሥሪያ ቤት አለኝ። በኮምፕሬሰር የሚሠራ ኤፍ 30 የሚባለውን የሚስማር ሽጉጥ ነው የምጠቀመው። ከወር በፊት ንፋስ ስለሚያፈስ ፈትቼ ጎሚኒዎቹን ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገዝቼ ቀየርኳቸው፤ ግራሶም ቀባኋቸው። ማፍሰሱ ቆመ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ብርዱ ሲመጣ ጠዋት ጠዋት አልተኩስም ይላል። ቃታውን ስስበው በላይ በኩል ፍሽሽ ብሎ ንፋስ ይለቃል እንጂ ሚስማር አይወጣም። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከሞከርኩት በኋላ፣ በተለይ ፀሐይ ካገኘ፣ ይነሳና እስከ ማታ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ሚስማሩን ግማሽ ላይ ከማቆሙ በስተቀር። የኮምፕሬሰሩ ጌጅ 7 ባር ያሳያል። ሰው ሁሉ ጣለውና ሌላ ግዛ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አትጣለው። ጣለው ያሉህ ሰዎች ለክፋት ብለው አይደለም፤ ሽጉጡን አላዳመጡትም እንጂ። አንተ አዳምጠኸዋል፤ ምርመራው ጥያቄህ ውስጥ ከግማሽ በላይ አልቆ ነው የመጣልኝ። ሲበርደው እምቢ ይላል፣ ሲሞቅ እሺ ይላል፣ እምቢ ሲል በአናቱ ይተነፍሳል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የቧንቧ ጎሚኒ ገብቶበት ግራሶ ተቀብቷል። አራቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ቦታውን ከማሳየቴ በፊት ግን አንድ ነገር እንስማማ።

ሽጉጡን በነካካህ ቁጥር፣ ሚስማር ተቀርቅሮ ለማውጣት ብቻም ቢሆን፣ መጀመሪያ ንፋስ የሚያመጣውን ጎማ ከሽጉጡ ንቀል። የኮምፕሬሰሩን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ ታንኩም ጎማውም ውስጥ ያለው ንፋስ አሁንም እዚያው ነው። እኔ ሥራ በለመድኩበት ቤት አንድ ባልደረባችን የተቀረቀረ ሚስማር በካቻቢቴ ሲፈለቅቅ፣ ጎማው እንደተሰካ ነበር። የቀረቀረው ሚስማር ሲለቅለት ፒስተኑም አብሮ ተለቀቀ። ሚስማሩ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በሚስማር ሽጉጥ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል የገባው ሰው በዓመት በአማካይ 37,000 ያህል ነበር፤ የእኛን የቆጠረልን የለም። ጎማውን ከነቀልክ በኋላ አፈሙዙን ወደ ጣውላ ቁራጭ አዙረህ ቃታውን አንዴ ሳብ፣ የቀረ ካለ ይውጣ። ከዚያ የካዝናውን ሚስማር አውጣ። አሁን መነጋገር እንችላለን።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ሽጉጡ ውስጥ ባለ አንድ ክዳን ላይ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። እጀታው ውስጡ ባዶ ነው፤ የንፋስ ጎተራ ነው ማለት ነው። ጎማውን ስትሰካ ጎተራው ይሞላል። ያ ንፋስ ፒስተኑ ላይ ለመውረድ የቸኮለ ነው፤ የከለከለው ሲሊንደሩ አናት ላይ የተቀመጠው ክዳን ነው። የራስ ቫልቭ እንበለው። ክዳኑን ወደ ታች የያዘው ሞላው ብቻ አይደለም፤ ከበላዩም ያው ንፋስ ተጭኖታል። ቃታውን ስትስብ የቃታዋ ትንሽ ቫልቭ ከክዳኑ በላይ ያለውን ንፋስ ወደ ውጭ ትለቀዋለች። ከላይ የሚጫነው ሲጠፋ ከታች ያለው ክዳኑን ያነሳዋል፣ ጎተራው በአንድ ጊዜ ፒስተኑ ላይ ይደፋል፣ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ምላስ የሚመስለው ብረት ሚስማሩን ይመታዋል። ቃታውን ስትለቅ ክዳኑ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ያገለገለው ንፋስ በመተንፈሻው ይወጣል፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ክፍል የተጠራቀመው ጥቂት ንፋስ ደግሞ ፒስተኑን ከታች ገፍቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

አሁን ልብ በል። ክዳኑ ታች ሲሆን ከፒስተኑ በላይ ያለው ቦታ ከመተንፈሻው ጋር ይገናኛል። ክዳኑ ጥርግ ብሎ ላይ ሲወጣ መተንፈሻው ይዘጋል። መሃል ላይ ከቆመስ? ሁለቱም በር ክፍት ነው። ንፋሱ ከጎተራው ይገባል፣ ፒስተኑን ሳይገፋ በመተንፈሻው ይሾልካል። ያንተ ፍሽሽታ ይሄ ነው። ሽጉጥህ አልሞተም፤ ክዳኑ መንገድ ላይ እየቆመ ነው።

ለምን ይቆማል? ወይ የሚገፋው ጉልበት አንሷል፣ ወይ የሚይዘው ነገር በዝቷል። ጉልበት ካነሰ ጥፋቱ ከኮምፕሬሰሩ እስከ ጎማው ጫፍ ባለው መንገድ ላይ ነው። የሚይዘው ከበዛ ሽጉጡ ውስጥ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳትለይ መፍታት ከጀመርክ ቀኑን ሙሉ ትፈታለህ።

የሚለያቸው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርስ ሽጉጡን ብቻ ነቅለህ ወደ ቤትህ ይዘህ ሂድ። መኝታ ክፍልህ ውስጥ ይደር። ጠዋት በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አምጣውና፣ የሥራ ቦታህ ብርድ እንደሆነ፣ ኮምፕሬሰሩም እንዳደረ ሆኖ፣ ሰክተህ ተኩስ። በመጀመሪያው ቃታ ከመታ ጥፋቱ ሽጉጡ ውስጥ ነው፤ ሞቆ ስላደረ ነው የታዘዘህ። ሞቆ አድሮም ፍሽሽ ካለ ጥፋቱ ከበስተኋላ፣ ንፋሱ ላይ ነው። (እሳት ዳር ወይም ምድጃ ላይ አታሙቀው። ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው የምናገረው፤ ዘይት ያለበት ዕቃ ነው፣ ጎሚኒውም ይበላሻል።)

በእኔ ግምት በመጀመሪያው ቃታ ይመታልሃል። ስለዚህ ወደ ውስጥ እንግባ።

ከአናቱ ያሉትን አራት ብሎኖች በኤል ቁልፍ ፍታ። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ መተንፈሻው ወደ የት እንደዞረ በኋላ ይጠፋሃል። የአናቱን ሽፋን ስታነሳ ከሥሩ፣ ከክዳኑ (ከራስ ቫልቩ) በላይ ያለው ሞላ ሊፈናጠር ይችላል፣ በመዳፍህ ያዘው። አሁን ውስጡን አይተህ የምታገኘውን ልገምት፦ ማኪያቶ የመሰለ፣ ቡናማ ነገር የተቀላቀለበት ነጭ ዝቃጭ። ግራሶና ውሃ አብረው ሲናጡ የሚሰጡት ቀለም ነው። ጣትህን አስነካው፤ ጠዋት ከሆነ እንደ ቂቤ ይዘረጋል፣ ከሰዓት ከሆነ ይቀጥናል። ሽጉጥህ ጠዋት እምቢ፣ ከሰዓት እሺ የሚልበት ሚስጥር ግማሹ ጣትህ ላይ ነው ያለው። ለመኪና ኩሽኔታ የሚሆን ግራሶ ብርድ ሲያገኘው ይጠጥራል፤ እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ የሥራ ቦታ ከ10 ዲግሪ በታች መሆኑ ብርቅ አይደለም።

ሌላው ግማሽ ጎሚኒው ነው። የቧንቧ ጎሚኒ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለቧንቧ የተሠራ ጎሚኒ ሥራው ቆሞ ማፈን ነው፤ የሽጉጥ ጎሚኒ ግን እየተንሸራተተ ማፈን አለበት። ወፈር ያለ ከሆነ ማፍሰሱን ያቆምልሃል፣ አንተም ደስ ይልሃል፣ ክዳኑን ግን አንቆ ይይዘዋል። የምንነጋገረው ስለ ጥቂት የሚሊሜትር አሥረኛዎች ነው። ዲያሜትሩ ልክ ሆኖ ውፍረቱ 2.4 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት 2.65 ሲሆን በዓይን አይለይም፤ በእጅ ግን ይታወቃል። ስለዚህ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ተዋስ፣ አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ካልጣልካቸው አዲሱንና አሮጌውን ለካ። አሮጌው ተጨፍልቆ ስለሚሆን ጠፍጣፋ ያልሆነውን ጎኑን ፈልገህ ለካ። አሮጌውን ጥለኸው ከሆነም ሌላ ፈተና አለ፦ ክዳኑን ጥረግና ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ቀብተህ፣ ያለ ሞላው ቦታው መልሰው። በአውራ ጣትህ ስትገፋው ሳይጎረብጥ መንሸራተት አለበት። መዳፍህን አስደግፈህ ከታገልክ፣ ይባስ ብሎ የካቻቢቴ እጀታ ካስፈለገህ፣ ጎሚኒው ወፍሯል። የወፈረ ጎሚኒ በገባ ቁጥር ጫፉ እየተላጨ ትንንሽ ጥቁር ፍርፋሪ ይጥላል፤ ዝቃጩ ውስጥ ጥቁር ነገር ካየህ እሱ ነው። ፍርፋሪው ደግሞ በቃታው ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ሄዶ ይሰነቀራል፣ ሁለተኛ ጣጣ።

ልኩን የት አገኛለሁ ካልክ፣ ለኤፍ 30 የጎሚኒና የቫልቭ መለዋወጫ በስሙ ጠይቀህ ግዛ። መርካቶ የሽጉጡ ሻጮች ጋ ከጠፋ ምናለሽ ተራ ወርደህ የሞተ ኤፍ 30 በርካሽ ግዛና ውስጡን አውጣ፤ ሰው የሚጥለው ምላሱ ስለተሰበረ ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑና ቫልቮቹ ደህና ሆነው ታገኛቸዋለህ። ሌላው ቢቀር ናይትራይል የሚባለውን፣ ዘይት የማይፈራውን ጥቁር ጎሚኒ ጠይቅ። ዘይት የማይወድ ጎሚኒ ከሆነ በሳምንት ያብጥና ወደ መጀመሪያው ችግርህ ትመለሳለህ።

እጥበት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤንዚን አታስነካው፤ ጎሚኒውን ያሳብጣል፣ የቀረው ተን ደግሞ ታምቆ ሲመታ ሊቀጣጠል ይችላል። ጎሚኒዎቹን ሁሉ አውጥተህ ብረቱን ብቻ በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ሽታው እስኪጠፋ አድርቅ። ጎሚኒዎቹን በሞቀ ውሃና በሳሙና። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከቤቱ ይውጣ፤ «ቀጭን ዘይት ነው» ብለው የሚጨምሩበት ሰዎች አሉ፣ ናይትራይልን ክፉኛ ያበላሻል።

መልሰህ ስትገጥም ግራሶ የለም። የንፋስ መሣሪያ ዘይት ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ያ የሲንጀር የምንለው፣ ይሆናል። ጎሚኒዎቹ ላይ ስስ አድርገህ ቀባ። ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ አንዱን ጎን ቀድመህ ካጠበቅህ የአናቱ ሽፋን ተንጋዶ ይቀመጥና ከማዕዘኑ ያፈሳል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሥራ ስትጀምር በንፋስ መግቢያው ሦስት አራት ጠብታ፣ ሥራ ከበዛ ከምሳ በኋላ እንደዚያው ድገም። ዘይቱን የሚያስፈልገው ፒስተኑና ክዳኑ ነው፤ ንፋሱ ራሱ ያደርስላቸዋል። ዘይት አብዝተህ ከጨመርክ ግን መተንፈሻው ፊትህ ላይና ሶፋው ጨርቅ ላይ ይተፋዋል። ነጭ ጨርቅ ላይ ከሆነ ከደንበኛህ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩ።

ወደ ውሃው ልመለስ፣ ምክንያቱም ማኪያቶው ውስጥ ያለው ወተት ከየት መጣ? ከኮምፕሬሰርህ። 20 ዲግሪ ላይ በእርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ኮምፕሬሰሩ ያንን አየር ጨምቆ ታንክ ውስጥ ሲያስገባው ትኩስ ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃው ይንጠባጠብና ታች ይጋደማል። ጠዋት የመጀመሪያው ንፋስ ያንን ውሃና የታንኩን ዝገት ይዞ ወደ ሽጉጥህ ይሮጣል። ታንኩ ሥር ያለችውን መልቀቂያ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ከፈትካት? ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ፣ ትንሽ ንፋስ ሲቀረው ክፈታት። የመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ሻይ የመሰለ ውሃ ቢያስደነግጥህ አትፈር፣ ሁሉም ሰው ቤት እንዲሁ ነው። ውሃ ማጥመጃ ያለው ሬጉሌተር (የግፊት ማስተካከያ) ካለህ የብርጭቆውን ታች አራግፍ።

ስለ 7 ባሩም አንድ ነገር። ጌጁ የሚነግርህ ንፋሱ ቆሞ ሳለ ታንኩ ውስጥ ያለውን ነው። ሽጉጡ ጋ የሚደርሰው ሌላ ቁጥር ነው። ጠመዝማዛውን የፕላስቲክ ጎማ የምትጠቀም ከሆነ፣ እሱም ውስጡ 5 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ፣ ርዝመቱም 15 ሜትር ከሆነ፣ አንዴ ሲተኮስ ጎተራውን መልሶ ለመሙላት ይንቀራፈፋል። በፍጥነት ደጋግመህ ስትተኩስ ሚስማሩ ግማሽ ላይ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ረጅሙን ጎማ ንቀልና ሽጉጡን በ2 ሜትር አጭር ጎማ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ሆነህ ሞክረው። እዚያ ደህና ከመታ ጥፋተኛው ጎማው ነው፤ ውስጡ 8 ሚሊሜትር የሆነውን ግዛ። ጎማውን የሚያገናኘውን ካፕለርም እየው፤ ርካሹ ካፕለር ውስጥ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሳትከፈት «ቀጭ» ብላ የምትዘጋበት ጊዜ አለ። እኔ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽጉጥ ፈትቼ ገጥሜ፣ ፈትቼ ገጥሜ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ካፕለሩ ውስጥ የተሰነቀረች የቴፍሎን ቁራጭ ሆና አገኘኋት። ቴፍሎን ስትጠመጥም የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተው።

ሌላ ሰው «አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሆነ ነው ሽጉጡ የሚደክመው» ሊልህ ይችላል። ግማሽ እውነት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚውጠው አየር ያንሳል። በባህር ጠለል በ3 ደቂቃ የሚሞላ ታንክ እዚህ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ነገር ግን አንዴ 7 ባር ከደረሰ ሽጉጡ ያው ሽጉጥ ነው፤ ከፍታው ኮምፕሬሰሩን ያዘገየዋል እንጂ ሽጉጡን አያደክመውም። ስለዚህ ሁለት ሰው በአንድ ኮምፕሬሰር ስትሠሩ ንፋስ ቶሎ ካለቀባችሁ ሽጉጡን አትርገሙት።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣ ሐሳብም አለ፤ በጥብቅ ልናገር። ጎረቤት ብየዳ ቤት ካለ «የኦክስጅን ሲሊንደሩን እንሰካው» የሚል ሰው አይጠፋም። በጭራሽ። ዘይት ባለበት መሣሪያ ውስጥ ኦክስጅን ማስገባት ፍንዳታ መጥራት ነው፣ ግፊቱም ሽጉጡ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ጎረቤትህ ቢቀየምም ይቀየም።

ግማሽ ላይ ስለሚቆመው ሚስማር ጎማውን ተናግሬአለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ጎማው ተነቅሎ፣ ካዝናው ተከፍቶ፣ ምላሱን ወደ ታች ገፍተህ ጫፉን እይ። ጫፉ አራት ማዕዘን መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ተበልቶ ከተመለጠ ሚስማሩን አዘንብሎ ስለሚመታው ያጎብጠዋል፤ በጥሩ ሞረድ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስተካክለህ ልትሞርደው ትችላለህ፣ ከዚያ በላይ ካለቀ ግን ይቀየር፣ አለዚያ ያጥርና የሚስማሩን ራስ ውጭ ይተወዋል። ሁለተኛው እንጨቱ ነው። የሶፋህ ቋሚ የደረቀ ባህር ዛፍ ከሆነ፣ ኤፍ 30 የሚመታት 1 ሚሊሜትር ገደማ የምትወፍር ቀጭን ሚስማር 30 ሚሊሜትር ሆና የእንጨቱ ዓይን ላይ ስትወድቅ ብትታጠፍ አይግረምህ። ዋንዛ ላይ ሞክራት፤ ዋንዛ ላይ ጥርግ ብላ ከገባች ሽጉጡ ንጹሕ ነው። ለባህር ዛፍ ወይ ሚስማሩን አሳጥር፣ ወይ ወፈር ያለ ሚስማር የሚመታ ሽጉጥ ፈልግ። ግፊቱን ወደ 9 እና 10 ባር አታስጩኸው፤ ሽጉጡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እለፈው ያለህ ሰው መከታ ጎማውን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲወርድ የሚያርፍበትን ወፍራም ጎማ፣ አይቀይርልህም።

ችግራችሁ ከዚህ ለየት ያለ ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ፍሽሽታው ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ለዩ። ቃታው ሳይነካ፣ ጎማው እንደተሰካ፣ ከቃታው ሥር ካፈሰ የቃታ ቫልቩ ጎሚኒ ነው፤ አንዲት ፒን በመዶሻ መታ አድርጎ ማውጣት ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ። ቃታው ሳይነካ በመተንፈሻው ካፈሰ ክዳኑ በደንብ አልተቀመጠም፤ ወይ ሥሩ ቆሻሻ አለ ወይ ጎሚኒው አልቋል። በአፈሙዙ ካፈሰ መከታ ጎማውን ወይም የፒስተኑን ጎሚኒ ተጠራጠሩ። መከታው ሲሰነጠቅ ፒስተኑ መመለስ ያቅተዋል፣ ምላሱም በአፈሙዙ ጫፉን አውጥቶ ይቀራል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ፣ ቃታው ሲሳብ ትንሿ «ጭክ» እንኳ ካልተሰማች፣ ንፋስ አልደረሰም ወይም አፍንጫው ላይ ያለው መጠበቂያ አልተጫነም። አንዳንዱ ኤፍ 30 ይህ መጠበቂያ የለውም፤ ያለው ሽጉጥ ግን አፍንጫው እንጨቱ ላይ ተጭኖ ካልገባ ቃታው ቢሳብም አይመታም። መጠበቂያውን በሽቦ አስሮ መሥራት የለመደ ሰው አውቃለሁ፤ ጭኑ ላይ ሁለት ነጥብ አለው።

አንድ ደንበኛ ወንድሙ ከአሜሪካ ይዞለት የመጣውን አዲስ ሽጉጥ «ተበላሸ» ብሎ ሲያመጣልኝ፣ ንፋሱ ደህና፣ ድምፁ ደህና፣ አፍንጫው ግን አልጫንም ይላል። ፈታሁት፣ ምንም የለም። ገጠምኩት፣ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ ሚስማር ሲጨመርበት ሠራ። ለካ ካዝናው ውስጥ ጥቂት ሚስማር ሲቀር ራሱን የሚቆልፍ ነበር፣ ባዶውን እንዳይመታ። ደንበኛው ስድስት ሚስማር አይቶ «ሚስማር አለው እኮ» ይላል፣ እኔም አምኜዋለሁ። ስለዚህ አዲስ ዘመን ሽጉጥ ያላችሁ ካዝናውን ሙሉ ሙሉት፣ ከዚያ ተጨነቁ።

በጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራው፣ ጎማ የሌለው ሽጉጥ ሌላ ታሪክ ነው። እሱ ውስጥ ጋዝና አየር ተቀላቅለው ነው የሚቃጠሉት፣ ስለዚህ እውነትም ከፍታ ይጎዳዋል። ጋዙም የመጠቀሚያ ቀን አለው፤ ቆርቆሮው ሥር ያለውን ቀን ሳያዩ ለማቀጣጠያው የሚያገለግለውን የባትሪ ተርሚናል የሚጠርጉ ብዙ ናቸው።

አንተ ግን ዛሬ ማታ ሽጉጡን ይዘህ ወደ ቤት ግባ። ከመውጣትህ በፊት የታንኩን ውሃ አፍስስ። ጠዋት የመጀመሪያው ቃታ ላይ የሰማኸውን ጻፍልኝ፦ መታ ወይስ ፍሽሽ አለ? መታ ካልክ ካሊፐር ፈልግ፤ ፍሽሽ ካለ የጎማህን ርዝመትና የውስጡን ስፋት ለክተህ ላክልኝ።